ለትንንሽ ልጆች ትንሽ ውሻ? እስኪ ምከሩኝ

የሦስት ልጆች እናት፦

ሰላም ናችሁ? ልጆቼ «ውሻ ይገዛልን» ብለው መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል። ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4፣ የመጨረሻዋ ገና 2 መድፈኗ ነው። እኔ ውሻ ባለበት ቤት አላደግሁም። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ውሻ ሳይ መንገድ ነው የምቀይረው። እሺ ያልኳቸውም ትንሽ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቺዋዋ አላት፤ ቦርሳ ውስጥ ይዛው ትዞራለች፣ ልጆቼ ካዩት ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። እኔም ሳስበው፣ ትንሽ ውሻ ቢናከስ እንኳ ምን ያህል ይጎዳል? ልጆቹም ሊሸከሙት ይችላሉ፣ ቦታ አይፈጅም፣ ብዙ አይበላም።

የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ግቢ የለንም። እኔ ግማሽ ቀን ቤት ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ ካልሽ እሺ» ብሏል፤ ይህ በእኛ ቤት ቋንቋ «እኔ የለሁበትም» ማለት ነው። ወንዱ ልጄን ደግሞ አቧራ ያስነጥሰዋል። ጸጉሩ የማይረግፍ ዝርያ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ቺዋዋ፣ ዮርኪ፣ ፑድል፣ የቱ ይሻለኛል? ቡችላ ነው ወይስ ያደገ? ወንድ ወይስ ሴት? የምታውቁትን ጣል አድርጉልኝ።

ነጭ ጋዋን፦

እህቴ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከጻፍሽው ውስጥ አንዷን ነገር ነቅዬ ልጀምር፣ «ልጆቹ ሊሸከሙት ይችላሉ» ያልሽውን። ከልጅ እጅ ወድቀው እኔ ጋ የመጡ ትንንሽ ውሾችን ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

አንድ አባት ፎጣ ውስጥ የጠቀለላትን ቡችላ ይዞ መጣ። 1 ኪሎ አትሞላም። የወደቀችው ከሶፋ ላይ ነው፣ ከሶፋ! የአንድ የፊት እግሯ ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረዋል። ከአባትየው ኋላ የ4 ዓመት ልጁ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ጫማ፣ ሌላው ካልሲ ብቻ። «እኔ እኮ ልስማት ነው» እያለ ያለቅሳል። ልጁ ምንም አላጠፋም። የ4 ዓመት ልጅ ደስ ያለውን ነገር ያነሳል፣ የሚወራጭ ነገር ደግሞ ይለቃል። የቡችላዋ አጥንት እርሳስ የሚያህል ነበር።

ቺዋዋ ሲያድግ ከ3 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ልክ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያለ ያልተዘጋ ቦታ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ዕድሜ ልክ አይዘጋም። ዮርኪም 3 ኪሎ ገደማ ነው። የ2 ዓመት ልጅሽ 12 ኪሎ ብትሆን እንኳ፣ ተሰናክላ ብትወድቅበት ምን እንደሚሆን አስቢው።

«ቢናከስ ምን ያህል ይጎዳል» ላልሽው ደግሞ፣ ትልቅ ሰው የሚነከሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ወይ እግሩን ነው። ትንሽ ልጅ ግን ፊቱንና ራሱን ነው፣ ቁመቱ ከውሻው አፍ ጋር ትይዩ ስለሆነ። ለዓይን 3 ኪሎ ውሻም ይበቃል። ልጆችን በብዛት የሚነክሰውም የማያውቁት የመንገድ ውሻ አይደለም፣ የቤታቸው ወይም የዘመድ ጎረቤት ውሻ ነው። በጣም ትንሽ ውሻ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከላይ ድንገት የሚወርድበትን እጅ ነው። መሸሻ ያጣ ቀን በጥርሱ ይናገራል።

እኔ ብሆን ከ6 እስከ 10 ኪሎ ያለውን ነው የምፈልገው። ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ልጅ ቢደናቀፍበት ደግሞ ራሱን አራግፎ ይሄዳል። በጠባይ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየልን የሚያህል ያየሁ አይመስለኝም፤ ለስላሳ ነው፣ ሰው ይወዳል፣ እንግዳ ሲመጣም ጭራውን እንጂ ጥርሱን አያሳይም። ችግሩ ጤናው ነው። የልብ ቫልቭ በሽታ በዘሩ አለበት። የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ጠብቦ ከባድ የነርቭ ሕመም የሚይዛቸውም አሉ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2023 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ አገር ዝርያውን ማራባት የእንስሳት ደህንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ የሚሸጥልሽ ሰው የእናትና የአባቱን የልብ ምርመራ ወረቀት ካላሳየሽ ተመለሺ።

ቢሾን ፍሪዜ ጥሩ ነው። ሚኒየቸር ፑድልም እንዲሁ፤ ቶይ የሚባለውን በጣም ትንሹን ግን ተዪው። ፐግና ፍሬንች ቡልዶግ የልጅ ነገር ይችላሉ፣ ግን ፊታቸው የተጨፈለቀ ስለሆነ መተንፈስ ይከብዳቸዋል፣ ሙቀት ደግሞ ይጥላቸዋል። ሲያንኮራፉ ያስቃሉ፣ እኔን ግን አያስቀኝም። ዳክስሁንድ ጀርባው ረጅም ነው፣ የጀርባው ዲስክ ቶሎ ይጎዳል፤ የሚያነሳውና የሚጥለው ልጅ ያለበት ቤት አይሆነውም።

ወንድ ወይስ ሴት ለሚለው ብዙ አትጨነቂ።

ማበጠሪያ በእጄ፦

ቢሾን አለችኝ፣ 6 ዓመቷ ነው። ወደ ቤት ስትመጣ ልጆቼ 5 እና 8 ነበሩ። ስለ አስነጣሹ ልጅሽ ነው መጻፍ የፈለግሁት፣ ምክንያቱም እኔም «ጸጉሩ አይረግፍም» ሲሉኝ «አለርጂ አያመጣም» ብለው የነገሩኝ መስሎኝ ነበር።

አይደለም። የሚያስነጥሰው ጸጉሩ ራሱ አይደለም፤ ምራቁ ውስጥና ከቆዳው በሚረግፈው ፎረፎር ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ጸጉሩ ተሸካሚ ብቻ ነው። ይህ ፕሮቲን የሌለው ውሻ ደግሞ የለም፣ ፑድልም በይው ቢሾን። አንዳንድ ሰው ከአንዱ ውሻ ጋር ደህና ሆኖ ከሌላው ጋር ዓይኑ ያብጣል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ልጁን ለሐኪሙ አሳዪው። ከዚያ ያሰብሽው ውሻ ያለበት ቤት ውሰጂውና አንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። እኛ ቤት እህቴ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነችም፣ በሦስተኛው ጉብኝት ግን አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

ሌላው፣ የማይረግፍ ጸጉር ማለት የሚያድግ ጸጉር ማለት ነው። ይሄንን ማንም አልነገረኝም። ሦስት ቀን ሳላበጥራት ከቀረሁ ከጆሮዋ ጀርባና ከብብቷ ሥር እንደ ሱፍ ይቋጠራል። ቋጠሮው ቆዳዋን ይስባል፣ ያማታል፤ ያመማት ቦታ ላይ ልጅ ሲነካት ደግሞ ዞር ትላለች። እና ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ እሷን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ አንዲት አንዲቷን በጣቴ እየፈታሁ አበጥራታለሁ። በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ደግሞ መቆረጥ አለባት። ሦስት ልጅ ላይ ይሄን ጨምረሽ ትችይዋለሽ ወይ፣ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

እግረ መንገዴን፣ አንድ ቀን ትንሹ ልጄ የሚያኝከውን ማስቲካ ጆሮዋ ላይ ለጠፈላት። እኔ የተናደድኩት ስለ ጸጉሯ ነበር። ሐኪሙ ግን ስልኩን እንዳነሳ የጠየቀኝ «በልታዋለች?» ብሎ ነው። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዛይሊቶል የሚባል ነገር አለ፤ የውሻን የደም ስኳር በአንድ ሰዓት ውስጥ አውርዶ ሊጥለው ይችላል። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብና ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ናቸው። ልጅ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ይጥላል። 20 ኪሎ ውሻን የማይነካው ቁራጭ 3 ኪሎውን ሊጎዳው ስለሚችል፣ ትንሽ በሆነ ቁጥር ወለሉን ይበልጥ ትጠብቂያለሽ።

ጃክ ያስተማረኝ፦

ሰዎች፣ እኔ የተሳሳትኩትን እንዳትሳሳት ነው የምጽፈው። ትንሽ ውሻ ማለት ትንሽ ጉልበት ማለት ይመስለኝ ነበር። ጃክ ራሰል ገዛሁ፣ 6 ኪሎ የማትሞላ ነገር፣ አንድ ዓይኑ ላይ ቡኒ ነጥብ ያለበት፣ በፎቶ ስታዩት የሚበላ።

ማታ ማታ 1 ሰዓት ሙሉ አሩጬው ስመለስ እኔ ሶፋው ላይ እዘረጋለሁ፣ እሱ ኳሱን በአፉ ይዞ ፊቴ ላይ ይቆማል። የሚገርመው ነገር ጥፋተኛው እሱ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጆን ራሰል የሚባል ቄስ ነው ለቀበሮ አደን ያራባው፤ ጉድጓድ ድረስ ገብቶ ቀበሮ እንዲያስወጣ። የሚሮጥና የሚጮህ ነገር ሲያይ ማባረር በደሙ ነው። እኔ ቤት የሚሮጠውና የሚጮኸው ማን ነው? የ3 ዓመት ልጄ። ተረከዟን ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል። ደም የለም፣ ጨዋታ ነው፣ ግን እሷ ምን ታውቃለች። በመጨረሻ ሳሎናችን ውስጥ ወለል መርገጥ ትታ ከሶፋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጠረጴዛ እየዘለለች ነበር የምትሄደው። አንድ ቀን ሽንት ቤት ለመሄድ ከጠረጴዛው ላይ «አባ ና ተሸከመኝ» ብላ ስትጠራኝ በቃኝ።

ልጅ ለሌላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ለሚሮጡ ባልና ሚስት ሰጠሁት። አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ። አሁን ፎቶ ይልኩልኛል፣ ከኔ ጋር ከነበረው ይልቅ ደስተኛ ነው። ስለዚህ እህቴ ምን ያህል ያምራል ከማለትሽ በፊት ይሄ ዝርያ መጀመሪያ ለምን ሥራ ነበር የተራባው ብለሽ ጠይቂ። ቢግልም በፎቶ ያታልላል፣ እሱም የአደን ውሻ ነው፤ ሽታ ካገኘ ስሙን ብትጠሪው አይሰማሽም።

ቦርሳዬ ውስጥ ነው፦

ቺዋዋን እንዲህ እንደ ብርጭቆ አታድርጉት እንጂ 😄 የኔ ከሁለት ልጆች ጋር ይኖራል፣ 9 እና 11 ናቸው፣ አንድም ቀን ጥርሱን አላነሳባቸውም። ሕጋችን አንድ ነው፦ ማንም ቆሞ አያነሳውም። ወለል ላይ ትቀመጣለህ፣ ከፈለገ እሱ ይመጣል። ካልፈለገ አይመጣም፣ አለቀ። ገመዱንም አንገቱ ላይ አናስርለትም፣ የደረት ማሰሪያ ነው ያለው፤ የነዚህ ትንንሾች የአየር ቧንቧ ስስ ስለሆነ አንገታቸው ሲጎተት ያስላቸዋል።

ግን እውነቱን ልናገር አይደል? የእህቴ ልጅ 2 ዓመቱ ነው። እሱ ሲመጣ የኔ ጀግና አልጋ ሥር ይገባና እስኪሄድ ድረስ አይወጣም። ለምግብም አይወጣም። ስለዚህ ላንቺ ቤት ዛሬ አልመክርም፣ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ግን እንነጋገራለን።

የሦስት ልጆች እናት፦

ኧረ ተባረኩ፣ ይህን ያህል ትጽፉልኛላችሁ አላልኩም ነበር። ቺዋዋው ቀርቷል፣ ለልጆቹ እንዴት እንደምነግራቸው ግን አላውቅም። አሁን ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ቡችላ ብንወስድና ከልጆቹ ጋር አብሮ ቢያድግ ይለምዳቸው የለ? ባለቤቴም (አዎ፣ በጉዳዩ የለሁበትም ያለው ሰውዬ) «አድጎ የመጣ ውሻ ጠባዩ አይታወቅም፣ ምን ጉድ ይዞ እንደሚመጣ» ይላል። ደግሞ ትልቋ ልጄ ውል ጽፋልኛለች። በእርሳስ፣ ከነፊርማዋ። «ጠዋት አበላዋለሁ፣ ማታ አወጣዋለሁ፣ ቆሻሻውን አነሳለሁ» ይላል። ሦስተኛዋን መስመር ስትጽፍ ፊቷን አይቻለሁ 😂

አራተኛ ውሻዬ፦

ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ አራተኛ ውሻዬን እያሳደግሁ ነው፣ አሁን የልጅ ልጆች አሉኝ። ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፤ የተገላቢጦሽ ነው። ጠባዩ የማይታወቀው ቡችላው ነው። ያደገው ውሻ ምን እንደሆነ ቆመሽ ታዪዋለሽ። ሁለት ሦስት ዓመት የሞላው ውሻ ልጅ ሲጮህ ይደነግጣል ወይስ አይደነግጥም፣ ሳህኑን ሲነኩበት ምን ያደርጋል፣ ብቻውን ሲቀር ያለቅሳል ወይ፣ ይሄን ሁሉ ያሳደገው ሰው ይነግርሻል፣ በዓይንሽም ታረጋግጪዋለሽ። ቡችላ ግን ሎተሪ ነው።

ቡችላ ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ። ጥርሱ መርፌ ነው። ከ4 ወር እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርስ ሲቀይር ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፣ የልጅ ጣትም ጭምር። በቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተኛ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ ይሸናል። ሌሊትም ይነሳል። ፎቅ ላይ ነኝ ብለሻል፤ በፒጃማ ደረጃ የሚወርደው ማን ነው? ቤትሽ ውስጥ ዳይፐር ያልለቀቀች ልጅ አለች። ሁለተኛ ሕፃን ልትወልጂ ነው ማለት ነው፣ ያውም የሚናከስ።

ጨክነሽ ቡችላ ካልሽ ደግሞ፣ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። እናቱን ካላየሽ አትውሰጂ፤ «እናቱ ሌላ ቦታ ናት፣ ቡችላውን እኔ ላምጣልሽ» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ትተሽው ሂጂ። እናቲቱ የምትፈራ ወይ የምትቆጣ ከሆነች ልጇም ወደዚያው ነው። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ገደማ ያየውን ነገር ሁሉ «ይሄ የዓለም ነገር ነው» ብሎ ይቀበላል፤ በዚያ ጊዜ ልጅ ያላየ ቡችላ በኋላ ልጅ ሲያይ ጭራቅ ያየ ይመስለዋል። አብሮ ያድጋል ያልሽው ነገር እውነትነት ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ግን ጊዜው አጭር ነው፣ ግማሹም ካንቺ ቤት ሳይመጣ ያልቃል።

ስለ ውሉ፦ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ። ውሉን በደንብ አስቀምጪላት፣ ስትዳር ታነቢላታለሽ። ትንሽ ውሻ 12፣ 15 ዓመት ይኖራል። እሷ 20 ዓመት ሞልቷት ከቤት ስትወጣ ውሻው ገና በር ላይ ተኝቶ ነው። ስለዚህ ውሻው ያንቺና የባለቤትሽ ነው፣ ልጆቹ ጓደኞቹ ናቸው። ባለቤትሽ ካልገባበት አትጀምሩት። ይሄ የኔ አቋም ነው።

ለማየት ስትሄዱ ሦስቱንም ልጆች ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ለምን እንደሚሰጡት ጠይቂ፤ መልሱ ሲጠማዘዝ ታውቂዋለሽ። ዝርያ ዝርያ አትበይ ደግሞ። ካሉኝ አራቱ ሦስቱ ቅይጥ ነበሩ፣ ከልጆች ጋር ምርጡ ደግሞ ጆሮው አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ፣ ከምን ከምን እንደተወለደ ራሱም የማያውቅ ነበር።

ነጭ ጋዋን፦

ጋሼ እውነት ብለዋል፣ በተለይ ባለቤቷ ካልገባበት አይጀመር ያሉት። እኔ የምጨምረው ሰው ሁሉ የሚዘለውን ነገር ነው።

ልጅ ውሻ አቅፎ የተነሳውን ፎቶ ሁላችንም አይተናል። እስኪ በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን ተዉትና ውሻውን እዩት። አፉ ግጥም ብሏል። ፊቱን አዙሯል፣ የዓይኑ ነጭ ጠርዝ ይታያል። ምላሱ አፍንጫውን ላስ አድርጎ ይመለሳል፣ ምግብ ግን በአካባቢው የለም። ያዛጋል፣ እንቅልፍ ግን አልመጣበትም። ጭንቀት ነው ይሄ ሁሉ። መተቃቀፍ የሰው ነገር ነው፤ ለአብዛኛው ውሻ አንገቱ ላይ የተጠመጠመ እጅ ወጥመድ ነው። ከዚህ በኋላ ነው ድርቅ ብሎ የሚቆመው፣ ከዚያ የሚያጉረመርመው፣ ከዚያ የሚነክሰው። ሰዎች «ምንም ሳያስጠነቅቅ ነከሰው» ይሉኛል። አምስት ጊዜ አስጠንቅቋል፣ የሰማው የለም።

ስለዚህ ውሻ ሲያጉረመርም አትምቱት፣ አትቆጡት። ልጁን አንሱ፣ ውሻውን መውጫ ስጡት፣ በኋላ ለምን እንደሆነ አስቡ። ማጉረምረሙን በቁጣ ያስተውት አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። ውሻው ተማረላቸው፤ ማጉረምረሙን ተወና በቀጥታ ነከሰ።

የ7 ዓመቷ ይሄን መማር ትችላለች፣ ጨዋታ አድርጊላት። የ4ቱና የ2ቷ አይችሉም፣ አትጠብቂባቸው። ለእነሱ የሚሠራው ያንቺ ዓይን ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ስልክ ማየት መጠበቅ አይባልም፤ እጅሽን ዘርግተሽ የምትደርሺበት ርቀት ላይ ሁኚ። ሽንት ቤት ስትገቢ ወይ ውሻው ወይ ልጅቷ አብራሽ ትገባለች። በር ላይ የሚገጠም ዝቅ ያለ የልጅ መከላከያ አጥር ብታስገቢ የሁሉም ሕይወት ይቀላል። መኝታው ደግሞ ማንም ልጅ የማይደርስበት ጥግ ይሁን። እዚያ የገባ ውሻ አይነካም፣ አይጠራም፣ አይጎተትም። ሲበላም እንዲሁ።

ክትባት፦ ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይከተባል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ጊዜው ሲደርስ ለብቻው የሚሰጥ ነው፣ በኋላም ይደገማል። ያደገ ከወሰድሽ የክትባት ወረቀቱን ተቀበይ። የዓለም ጤና ድርጅት በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ሰው ላይ የሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው፣ ልጆች ደግሞ በብዛት ይጠቁበታል። ማንም ውሻ ልጅ ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዢ። የአንጀት ትል መድኃኒቱንም አትርሺ፣ በተለይ ቡችላ ከሆነ፤ ከውሻው ወደ ልጅ የሚተላለፍ አለ። እጅ መታጠብ ነው ትልቁ ዘዴ።

ጃክ ያስተማረኝ፦

ስለ በር አጥሩ፦ እኔ በጊዜው ባውቀው ኖሮ ምናልባት ጃክ ዛሬም እኔ ጋ ነበር። ሲገጠም ከታች ያለውን ክፍተት እዩ ብቻ፣ 6 ኪሎ ውሻ በማይታመን ነገር ውስጥ ያልፋል።

የሦስት ልጆች እናት፦

ተመለስኩ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወሬ ላምጣላችሁ።

ወንዱን ልጅ ሐኪም አየው፤ ደጋግማችሁ ከውሻ ጋር አስቀምጡትና ተመልከቱ አለን፣ ልክ እዚህ እንደተጻፈው። በሰው በሰው አንድ ውሻ አገኘን። ቅይጥ ነው፣ ፊቱ የፑድል ነገር አለው፣ 8 ኪሎ፣ 5 ዓመቱ። ያሳደጉት አዛውንት ሴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ደክሞ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው፤ እዚያ ደግሞ ድመቶች አሉ። የልጅ ልጆቻቸው በየሳምንቱ እየመጡ ነው ያደገው። ለምን እንደሚሰጡት ስጠይቃቸው መልሳቸው አልተጠማዘዘም ጋሼ፣ ዓይናቸው ነው እንባ የሞላው።

ሦስት ጊዜ ሄድን። በመጀመሪያው ቀን እኔ በር ላይ ነው የቆምኩት፣ ላብ በላብ ሆኜ። እሱ መጥቶ ጫማዬን አሸተተና ሄዶ ተኛ፣ በቃ። በሁለተኛው ቀን ትንሿ ልጄ ልትይዘው እጇን ዘርግታ ሮጠችበት። እኔ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ትልቋ «እማ ያዣት! አፍንጫውን ላሰ፣ ፊቱንም አዞረ፣ አልፈለገም!» ብላ ጮኸች። ማታ ማታ አብረን ፎቶ እያየን «ይሄኛው ተጨንቋል፣ ይሄኛው ደህና ነው» እየተባባልን ነበር፣ እንደ ጨዋታ። ልጅቷን አነሳኋት፣ ውሻው ተነስቶ ሴትዮዋ እግር ሥር ተኛ። አላጉረመረመም፣ አልሸሸም፣ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። ትንሽ ቆይቶ ትልቋ ወለል ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ራሱ መጥቶ ጉልበቷ ላይ አገጩን አስደገፈ። እስትንፋሷን ይዛ ነበር፣ እንዳይሄድባት።

ወንዱ ልጅ በሦስቱም ቀን አላስነጠሰም። አንድ ጊዜ አስነጥሷል፣ ግን የሴትዮዋ መጋረጃ ውስጥ ተደብቆ ነው።

አጥሩን ገጥመናል፣ ከታች ያለውን ክፍተት በእጄ ለክቼዋለሁ። መኝታው ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ነው። ቅዳሜ እናመጣዋለን። ትናንት ማታ ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ፌስታል ይዞ ገባ፤ ውስጡ የደረት ማሰሪያና ገመድ ነበር። ማን ግዛ እንዳለው አልጠየቅሁትም።